የግንድ መፍለጫ ማሽን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር፦ አጫጫኑ፣ አሠራሩና የሚያስፈራው ነገር

ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ "ሐረር ውስጥ ዳቦ ቤት አለኝ። ድሬዳዋ ላይ ያገለገለ፣ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ የሃይድሮሊክ ግንድ መፍለጫ ገዝቻለሁ። ሁለት ጎማና ከመኪና ጋር የሚያያዝበት መሳቢያ አለው። በፒካፕ ጎትቼ በደንገጎ ባወጣውስ? ሥራውን ለሁለት ሠራተኞች ልሰጥ ነው፤ አንዱ ግንድ ያስቀምጣል፣ ሌላው የማስኬጃ ማንሻውን ይይዛል። ሰው ሳይጎዳ፣ ማሽኑም ሳይበላሽ እንዴት ላሠራው?"

ሰላም ወንድሜ። ሁለቱንም ሐሳብህን እንድትለውጥ እለምንሃለሁ። ማሽኑን አትጎትተው፣ በኢሱዙ ጫነው። ሥራውንም ለሁለት አትክፈለው፤ ግንዱን የሚያስቀምጠውም ማንሻውን የሚይዘውም አንድ ሰው ይሁን። ከሁለቱ የሚብሰው ይሄኛው ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ይህ ማሽን ጣት የሚወስደው ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ አይደለም፣ በደንብ እየሠራ ሳለ ነው። አንዱ የተጋደመውን ግንድ ለማስተካከል እጁን ይመልሳል፣ ሌላው ጨርሷል ብሎ ማንሻውን ይገፋል። የሞተሩ ጩኸት ደግሞ "ቆይ!" የሚለውን ይውጠዋል። ሽብልቁ፣ ማለትም እንጨቱን የሚሰነጥቀው ብረት፣ ሲሄድ ቀርፋፋ ስለሚመስል ሰው ይደፍረዋል። ኃይሉን ግን አስላው፦ ሽብልቁን የሚገፋው ሲሊንደር የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ከሆነና የዘይቱ ግፊት 175 ባር ከደረሰ፣ ሽብልቁ ላይ የሚመጣው 14 ቶን ገደማ ነው። አጥንት መሐል ሲገባበት ሞተሩ ድምፁን እንኳ አይቀይርም። አንድ ሰው ብቻ ሲያሠራው ግን ማንሻውን የያዘው እጅ የራሱ ስለሆነ፣ ሌላኛውን እጁን የት እንዳደረገ ያውቃል። ረዳቱ ሥራ አያጣም፤ ግንድ ያቀርባል፣ ፍልጡን ያነሳል። ሽብልቁ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ግን ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይቁም። የሚጠጋው ሽብልቁ ተመልሶ ከቆመና ማንሻውን የያዘው ሰው እጁን ከማንሻው አንስቶ በዓይኑ ከጠራው በኋላ ነው። ሁለቱም ከ18 ዓመት በላይ ይሁኑ።

ማሽኑ እጅህ እንደገባ የመጀመሪያው ፈተና ማንሻው ላይ ነው። ግንድ ሳይኖርበት ሞተሩን አስነሳና ማንሻውን ወደ ፊት ገፍተህ ልቀቀው፤ ሽብልቁ ባለበት ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሲመለስ ግን በአብዛኞቹ ማሽኖች ማንሻው ራሱ ተይዞ ይቆያል፣ ሽብልቁን የሚገፋው የሲሊንደሩ ዘንግ ገብቶ ሲያልቅ ይለቃል፤ ይሄ ጤነኛ ነው። ወደ ፊት ስትገፋው ለቀኸውም እየሄደ ከቀጠለ ማንሻው የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ቫልቭ ስፕሪንጉ ተሰብሯል ወይም ውስጡ በቆሻሻ ተይዟል፤ ሳይጠገን አንድ ግንድ እንዳትፈልጥበት። ያገለገለ ማሽን ላይ ማንሻው በከመነዳሪ ቁራጭ ወይም በሽቦ ታስሮ ታገኝ ይሆናል፣ እጅ እንዳይደክም ተብሎ ነው። ፈትተህ ጣለው። ማንሻው መያዝ የሚፈልገው አንድ እጅ ከሽብልቁ መንገድ እንዲርቅ ተብሎ ነው።

ግንዱ ሲቀመጥ ከጎንና ከጎን ይያዛል እንጂ በጫፎቹ አይያዝም፤ የግንዱ ጫፍና የማረፊያው ብረት የሚገናኙበት ቦታ ነው ጣት የሚቀረው። የሚሰነጠቀው ግንድ ራሱ ደግሞ ተከፍቶ መልሶ ይገጥማል፤ ስንጥቁ ውስጥ ጣት አግብቶ ለመፈልቀቅ መሞከር ክፉ ልማድ ነው። ግንዱ እጅህን ካነሳህ በኋላ ካልቆመልህ አቆራረጡ ጠማማ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ጫፎች በቀጥታ የተቆረጡ ይሁኑ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ ግፊት ሲያርፍበት ተንሸራቶ ወደ ጎን ይተኮሳል። ርዝመቱ ከ60 ሳንቲሜትር በላይ አይሁን፤ ለዳቦ ምድጃ ደግሞ 40 ይበቃሃል። ግንዱን አግድም አጋድሞ ቃጫውን ለመቁረጥ የሚሞክር አለ፤ ግንዱ ይፈነዳል፣ ስባሪውም ፊት ላይ ይመጣል።

ስለ ልብስ ባጭሩ፦ በሽርጥና በነጠላ ጫማ ማሽኑ ዘንድ የሚጠጋ ሰው አይኑር። የተሸፈነ ጠንካራ ጫማ፣ እጅ ላይ ልክ የሆነ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ያስፈልጋል። ሰፊ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ቅርፊት ይይዘውና እጅን ይዞ ይሄዳል። በምርቃና ላይ ያለ ሰውም ማንሻውን አይንካ። ፈለጣውን ለጠዋት፣ መደርደሩን ለከሰዓት ብታደርገው ለሰውም ለዘይቱም ይበጃል።

አሁን ወደ መንገዱ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ርቀቱ አያታልልህ። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተህ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣለህ። ማሽንህ ፍሬን የለውም፣ ባሌስትራ የለውም፣ የኋላ መብራት የለውም። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ከፒካፑ ጎማ እጥፍ ያህል ይዞራል፤ ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ የኩሽኔታው ግራሶ መቼ እንደታደሰ አታውቅም። ኩሽኔታ ሲግል ይነክሳል፣ ጎማው ከነማቀፊያው ይወጣል። ያ ደግሞ የሚሆነው የከባድ መኪና ጅራት ተከትሎህ፣ ከአወዳይ የሚወርደው የጫት መኪናም በየኩርባው እየበረረ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። የአምራቾች ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል፤ ለሜዳና ለጥሩ አስፋልት የታሰበ ቁጥር ስለሆነ ለደንገጎ አይሆንም።

ለመጫን የዚህ ዓይነቱ ማሽን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ አራት ሰው በሞተሩ ጥበቃ ብረት ይዞ ለማንሳት ከሞከረ ብረቱ ይጣመማል፣ የአንዱም ወገብ ይቀራል። ኢሱዙውን ኋላውን ወደ ጉብታ አስጠጋና ከፍታውን አቅልለው። ጉብታ ካጣህ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ወፍራም ጣውላዎች ያስፈልጉሃል፤ ከዚያ ያጠሩት ቁልቁለቱን ያበዙታል። ጣውላዎቹ እንዳይንሸራተቱ ከመኪናው ጋር ይታሰሩ። ገመድ ከማሽኑ ዋና ብረት ላይ አስረህ ከላይ ሆነው ይሳቡት፤ ሁለት ሰው ከጎን ይምራው። ከታች፣ ከማሽኑ ኋላ ማንም አይቁም። ገመዱ ሲበጠስ ማሽኑ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ከመጫኑ በፊት ሞተሩ ይብረድ፣ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋ፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን በጀሪካን ይውጣ። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ይግባ። የሚጋደምና የሚቆም ዓይነት ከሆነ አጋድመህ ፒኑን አስገባና ፒኑን ራሱን በሽቦ እሰረው፤ በመንገድ ላይ ፒን ወጥቶ ግንዱ የሚያርፍበት ምሰሶ ከተነሳ ሰው ይገድላል። ማሽኑን በጎኑ አታስተኛው፤ የሞተር ዘይቱ ወደ ካርቡራተሩና ወደ ሲሊንደሩ ራስ ይሄዳል። በግድ ከተገለበጠ ሐረር ስትደርስ ካንዴላውን ፈትተህ ማስነሻ ገመዱን ቀስ ብለህ ጎትት፣ የገባው ዘይት ይውጣ፤ ሳታወጣው በኃይል ብትጎትት ሞተሩን ትሰብራለህ። ስታስር ደግሞ ሰንሰለት ወይም ማጥበቂያ ያለው ቀበቶ በዋናው ብረትና በጎማዎቹ አክሰል ላይ በአራት አቅጣጫ ጣል። ሲባጎ ይላላል። በዘይት ቱቦ፣ በሞተሩ ወይም በዘይት ጋኑ ላይ የታሰረ ገመድ ካለ ጫኚዎቹን አስፈታቸው። ሐማሬሳ ወይም ሐረማያ ላይ ቆም ብለህ ማሰሪያውን እንደገና አጥብቅ።

ከተማ ውስጥ ለአጭር ርቀት፣ በሜዳ፣ በቀን ብትጎትተው አልከለክልህም። በባጃጅ ግን አይሆንም፤ ጭነቱ ባጃጁን ከኋላ ያዞረዋል። የመኪናው መጎተቻ ኳስና ኳሱ ላይ የሚገጥመው የማሽኑ ጉልላት ልካቸው አንድ መሆኑን የተቀረጸውን ቁጥር አንብበህ አረጋግጥ፤ ኳሱ ካነሰ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይዘላል። ሁለቱ የደህንነት ሰንሰለቶች ከመሳቢያው ሥር ተሻግረው ይያያዙ፣ መሳቢያው ቢወልቅ መሬት ሳይነካ እንዲይዙት። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ከዚያ አይበልጥ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደህ የጎማዎቹን መሐል በእጅህ ዳስስ፤ እጅህን ማቆየት ካቃተህ ኩሽኔታው ሄዷል።

ሐረር ላይ ቤትህ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ማሽኑን በእነዚያ ጠባብ ቁልቁል መንገዶች ለማስገባት አትድከም። ከግንቡ ውጭ ሜዳ ፈልገህ እዚያ ፍለጥና ፍልጡን አስገባ። ቦታው ደልዳላ፣ ጠጠርና ቅርፊት የማያንሸራትትበት ይሁን፤ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፍ። ከዳቦ ቤቱ ኋላ ባለ ዝግ መጋዘን ውስጥም ሞተሩን አታስነሳ። በሞተር ጭስ ውስጥ ያለው መርዘኛ ጋዝ ሽታው ሳይሰማ ያዞራል፣ ከዚያም ይጥላል፤ መስኮት መክፈት አይበቃም።

ከማስነሳትህ በፊት ሁለት ዘይት አለ፤ ሠራተኞችህ እንዳያምታቱት። የሞተሩ ዘይት ትንሽ ነው፤ በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች ላይ ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም። የሃይድሮሊኩ ዘይት ደግሞ ብዙ ሊትር ነው፤ ለኛ አየር ቁጥር 46 ጥሩ ነው። የተቃጠለ ዘይት አትጨምርበት፣ የፍሬን ዘይትማ በፍጹም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ደረጃው የሚለካው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ነው። ዘንጉ ወጥቶ ሳለ ጋኑን ጢም አድርገህ ከሞላኸው፣ ሲመለስ ትርፉ በመተንፈሻው ይፈስሳል። ታሪኩን የማታውቀው ማሽን ስለሆነ ዘይቱንም ፊልትሮውንም አሁኑኑ ቀይር። አዲስ ዘይት ከገባ በኋላ ግንድ ሳታስቀምጥ ዘንጉን አሥር ጊዜ ያህል አውጣና አስገባ፤ አየሩ ይወጣል፣ ደረጃውም ይወርዳል፣ ሙላው።

ከድሬ ስትገዛው ጎበዝ የነበረው ሞተር ሐረር ላይ ቢደክምብህ አትደንግጥ። ካርቡራተር ያለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል ጋር ስታነጻጽረው ከ20 በመቶ በላይ ጎድሎብሃል። የመፍለጫው ኃይል የሚወሰነው በሲሊንደሩ ስፋትና በቫልቩ ግፊት ስለሆነ አይቀንስም፤ ግን ቋጠሮ ሲገጥመው ሞተሩ ይታፈንና ይጠፋል። ካንዴላው በጥላሸት ጠቁሮ ካገኘኸው ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ መካኒክህ አነስ ያለ የካርቡራተር ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ብረት) ያስገባልህ። ሥራ ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ ሙሉ ዙር ይሂድ፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ዙር መቀነስ ፓምፑን ያደክመዋል እንጂ አያተርፍም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቫልቩ ላይ በዳዶ የተሸፈነች አንድ ቡሎን አለች፣ ግፊቱን የምትገድበው እሷ ናት። "ትንሽ ጠበቅ ብታደርጋት ጉልበት ይጨምራል" የሚልህ ሰው ይመጣል። እውነቱን ነው፣ ይጨምራል። ግን ቱቦው፣ ብየዳው፣ የሲሊንደሩ ክዳንና ምሰሶው የተሠሩት ለድሮው ግፊት ነው። ምሰሶ ሲጣመም ሽብልቁ ከመስመሩ ይወጣል፤ ክዳን ሲለቅ የሚወጣው ብረት ነው። በማኖሜትር፣ ማለትም በግፊት መለኪያ፣ ሳይለካ ያቺን ቡሎን የሚነካ መካኒክ አትቅጠር።

ስለ እንጨቱ፦ ባሕር ዛፍ እርጥቡን ብትፈልጠው ይሻልሃል። ሲደርቅ ቃጫው ተጠላልፎ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል ግን አይለቅም፤ ደግሞ የተፈለጠ ቶሎ ይደርቃል፣ ለምድጃህም የተሻለ እሳት ይሰጥሃል። ከድሬ በኩል የሚመጣው ግራርና ፕሮሶፒስ ጠንካራና ጠማማ ነው፤ እሾሁ መጀመሪያ ይመልመል። ቅርንጫፍ የወጣበትን ግንድ በመሐሉ አትጀምረው፤ ከዳር ከዳሩ ላጥ እያደረግህ ወደ ውስጥ ግባ። ሽብልቁ ገብቶ እንጨቱ ካልተከፈተ በኃይል ለብዙ ሰከንድ አታስጨንቀው፤ ግፊቱ ገደቡ ላይ ደርሶ ዘይቱ በቫልቩ በኩል እየዞረ ይግላል። መልስና ግንዱን ገልብጠህ ከሌላው ጫፍ ሞክር።

ግንድ ሽብልቁ ላይ ተሰክቶ ቢቀር ማንሻውን መልሰህ ዘንጉን አስገባ፤ ሁለቱ ማላቀቂያ ብረቶች ይዘው ያስቀሩታል። እምቢ ካለ ሞተሩን አጥፋ፣ የካንዴላውን ሽቦ ንቀል፣ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ አድርገህ የታመቀውን ግፊት ልቀቅ። ከዚያ በኋላ ብቻ በመዶሻና በእንጨት ሽብልቅ አላቅቀው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሌላ ግንድ አስደግፎ ለመግፋት መሞከር፣ በእግር መምታት፣ ምሰሶው ላይ መውጣት የለም።

የዘይት ቱቦው በድሬ ፀሐይ የቆየ ከሆነ ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጎበጥ አድርገህ ተመልከተው፣ ሽቦው ከታየ ይቀየር። ግማሽ ኢንች ቱቦ ስትገዛ ባለ ሁለት ድር ሽቦ ጠይቅ፣ እስከ 275 ባር ይችላል፤ ባለ አንድ ድሩ የሚችለው 160 ባር ነው፣ ለዚህ ማሽን አይበቃም። ሱቅ ላይ ሁለቱ ከውጭ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ቱቦው ላይ የታተመውን አንብብ።

ማሽኑ ከሚያስፈራው ሁሉ ሰው የማይጠረጥረው ይሄኛውን ነው፦ በቱቦ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ፍንጥቅ ካለች፣ የሚወጣው ዘይት ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል። "ከየት ነው የሚያፈስሰው?" ብሎ በእጅ መዳሰስ የለም። ካርቶን ወይም ጣውላ አስጠግተህ ዘይቱ የሚመታበትን እይ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ ግፊቱን ለቅቀህ ነው የምትፈታው። ዘይቱ ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ንብ የነደፈችው ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም። ሰውዬው "ምንም አይደለም" ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከሰዓታት በኋላ ጣቱ ያብጣል፣ ሥጋው ይሞታል። መጭመቅ፣ መብጣት፣ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም። ወዲያው ሐረር ከሆንክ ወደ ሕይወት ፋና፣ ድሬ ከሆንክ ወደ ድል ጮራ ውሰደውና ለሐኪሙ "በከፍተኛ ግፊት የሃይድሮሊክ ዘይት ቆዳው ውስጥ ገብቷል" በለው። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ይህን ካልነገርከው ፋሻ ብቻ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

ቤንዚን ስትጨምር ሞተሩ ጠፍቶ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይብረድ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ የተከማቸ ቅርፊትና ደቃቅ እንጨት በየሰዓቱ ይጠረግ፤ ዳቦ ቤት አጠገብ እሳት ሩቅ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፁን ስማ። ፓምፑ ካፏጨና ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየር እየሳበ ነው፤ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ከጋኑ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ማጥበቂያው ላልቷል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፣ ሙሉው ይቀየራል። ዘንጉ ባዶውን ፈጥኖ ሄዶ እንጨት ሲነካ ቀስ ማለቱ ብልሽት አይደለም፤ ፓምፑ ሁለት ደረጃ ስላለው ወደ ጉልበቱ መቀየሩ ነው። እንጨት ነክቶ ጭራሽ ከቆመ፣ ሞተሩም ሳይከብደው ከሮጠ፣ የፓምፑ ቫልቭ ወይም የሲሊንደሩ የውስጥ ጎሚኒ ይታይ። ሞተሩ እየሠራ ዘንጉ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ግን ፓምፑን ከመፍታትህ በፊት በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለውን ማያያዣ ክፈት፦ ሁለት ጥርስ ያላቸው ብረቶችና በመሐላቸው የጎማ ኮከብ አለ። ብዙ ጊዜ ጎማው ተበልቶ ወይም ማጥበቂያ ቡሎኑ ላልቶ ብረቶቹ ተራርቀው ታገኛለህ። አዲሱን ጎማ ስታስገባ በብረቶቹ መካከል 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ክፍተት ተው፤ ገጥመህ ካጠበቅኸው የፓምፑን ኩሽኔታ ይገፋዋል። ውድ ዕቃ አይደለምና ድሬ ሳለህ ልኩን ይዘህ ሁለት ግዛ።